ያጌጠው ካርቶንና ያልታየው ፊደል

የማስተማር ልምምድ ሲቃረብ የመኝታ ቤቶቻችን ወለል በካርቶን ይሸፈናል። ማርከር፣ ሙጫ፣ መቀስ፣ ከአሮጌ መጽሔት የተቆረጠ ሥዕል ከአልጋ አልጋ ይዘዋወራል። የፊደል ሰንጠረዥ የሚያዘጋጀው ሠልጣኝ በፊደሉ ዙሪያ አበባ ይስላል፤ አበባው ላይ ቢራቢሮ ያሳርፋል፤ ጠርዙን በሚያብለጨልጭ ወረቀት ይከብበዋል፤ ባዶ የቀረች ጥግ ካለች ደግሞ የምትስቅ ፀሐይ ትገባባታለች። ወጪው ከኪስ ነው። ካርቶኑ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያየ ሁሉ "እጅህ ይባረክ!" ይላል፤ ነጥብም ይገኝበታል።

በድካሙ ላይ ክፉ ቃል የለንም። ነገር ግን በዚህ ዓምድ ልናነሣው የምንፈልገው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የ1ኛ ክፍል ሕፃን ይህን ሁሉ ጌጥ ሲያይ "ቤ"ን ያያታል ወይ? የሚል ነው። እኛ አያያትም ባዮች ነን። ቢራቢሮውን ያያል፤ ፀሐይቱን ያያል፤ "ቤ" ግን በዐይኑ ፊት ተሰቅላ ሳትታይ ትቀራለች። ይህን የምንለው በግምት እንዳልሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን።

መቼም ማየት ማለት ዐይንን ገልጦ መቀመጥ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ዐይናችን ጥርት አድርጎ የሚያየው፣ ክንዳችንን ዘርግተን የአውራ ጣታችንን ጥፍር ብንመለከት፣ ያንን በሚያህል ስፋት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ደብዘዝ ያለ ነው። ደብዛዛ መሆኑ የማይታወቀን ዐይናችን በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ስለሚዘል ነው። ታዲያ ወዴት ነው የሚዘለው? አንድም ወደምንፈልገው ነገር ነው፤ አንድም ከሌላው ሁሉ ልቆ ወደሚያብለጨልጨው ነው። ከዚህም በላይ ዐይኑ በቦታው አርፎ እንኳ ልቡ ሌላ ቦታ ከሆነ ያ ነገር ታየ አይባልም። "ልብ ካላየ ዐይን አያይም" የተባለው ለዚህ ነው። ቋንቋችን ነገሩን ቀድሞ የነቃበት ይመስላል፤ አንድ ሰው አጥብቆ እንዲመለከት ስንፈልግ "ልብ በል" እንለዋለን እንጂ "ዐይን በል" አንለውም። በሳይኮሎጂ ክፍለ ጊዜ "ትኩረት" የሚባለውም ይኸው ነው፤ ከብዙው ጥቂቱን መርጦ የቀረውን መተው።

እዚሁ ላፍቶ መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅን ሰው እናስብ። ወደ መካኒሳ የሚሄድ ከሆነ ጆሮው ከረዳቱ አፍ "መካኒሳ" የምትለዋን ቃል፣ ዐይኑም ክፍት ወንበር ብቻ ይለቅማል። በዚህ መካከል ጓደኛው ፊት ለፊቱ ያልፋል። በማግሥቱ "አይተኸኝ ዘጋኸኝ!" የሚል ወቀሳ ይመጣል። ሰውዬው እኮ አልዋሸም፤ የጓደኛው መልክ ዐይኑ ውስጥ ገብቷል፣ ልቡ ውስጥ ግን አልገባም። ኃይሌ ጋርመንት ካለው የአትክልት ገበያ ቲማቲም ሊገዛ የሄደ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ቀይ ነገር ሁሉ ከሩቅ ይጠራዋል፣ የጎመኑን ክምር ግን አልፎት ሲሄድ ዋጋውን እንኳ አያስታውስም።

ሳይንቲስቶች ይህን በሙከራ አረጋግጠውታል። ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ተመልካቾች በፊልም ላይ ነጭ የለበሱ ተጫዋቾች ስንት ጊዜ ኳስ እንደተቀባበሉ እንዲቆጥሩ አደረጉ። በመካከሉ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ፣ ደረቱን መትቶ ወጣ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ ጎሪላውን አላዩትም። ለመዝናኛ የተሠራ ቀልድ ነው የሚል ካለ፣ በ2013 የተደረገውን ይመልከት። የሳንባ ምስል አንባቢ የሆኑ 24 ሐኪሞች በምስሉ ላይ እባጭ እንዲፈልጉ ታዘዙ፤ በምስሉ ውስጥ ከእባጭ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የጎሪላ ሥዕል ተደብቆ ነበር። 20ዎቹ አላዩትም። እነዚህ በሙያቸው የተካኑ ሰዎች ናቸው፤ የ7 ዓመት ሕፃን ምን ይፍረድበት?

ለእኛ ለመምህርነት ለምንሠለጥነው ግን ከሁሉ የሚጠቅመው አልፍሬድ ያርቡስ የተባለው የሶቪየት ሳይንቲስት ሥራ ነው። መጽሐፉ በ1967 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ያርቡስ ኢልያ ሬፒን የሣለውን፣ ሳይጠበቅ ከግዞት ወደ ቤቱ የተመለሰን ሰው የሚያሳየውን ሥዕል ለሰው እያሳየ የዐይኑን እንቅስቃሴ ይመዘግብ ነበር። "የሰዎቹን ዕድሜ ገምት" ሲለው ዐይኑ ከፊት ወደ ፊት ይመላለሳል። "ቤተሰቡ ሀብታም ነው ድኻ?" ሲለው ዐይኑ ልብሱንና የቤቱን ዕቃ ይዳስሳል። ሥዕሉ ያው አንድ ሥዕል ነው። ዐይኑን የመራው ጥያቄው ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። ፊደላችን 33 ዘር አለው፤ እያንዳንዱ ሰባት ቅርጽ ስላለው ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 231 ይሆናል። አዋቂ ሰው ይህን ሁሉ ያለ ጭንቀት ስለሚያነብ ለሕፃኑም ግልጽ የሆነ ይመስለዋል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን "ቡ" እና "ቢ" የሚለያዩት አንዲት ጭረት ከወገብ ላይ ወይም ከእግር ላይ በመቀጠሏ ነው። "ቢ" እና "ቤ" የሚለያዩት ያቺው እግር ላይ ያለችው ጭረት ቀጥ ብላ በመቅረቷ ወይም በመጠምዘዟ ነው። "ባ" እና "ቦ" የሚለያዩት በየትኛው እግር መርዘም ነው። "ሰ" እና "ሸ"፣ "ነ" እና "ኘ"፣ "ደ" እና "ጀ" ደግሞ አናታቸው ላይ ባለች መስመር ነው የሚለያዩት። እንግዲህ ሕፃኑ ማወቅ ያለበት ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን የት እንዳለ ጭምር ነው።

አን ትሬስማን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ1980 ያቀረበችው ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳናል። እንደ እርሷ አባባል የአንድ ዕቃ ቀለም፣ ቅርጽና አቅጣጫ በአእምሯችን ውስጥ በመጀመሪያ ለየብቻ ነው የሚያዙት፤ ወደ አንድ ዕቃ የሚያጣብቃቸው ትኩረት ነው። ትኩረት ሲጎድል የአንዱ ቀለም ከሌላው ቅርጽ ጋር ይጋባል፤ ሰው ያልነበረ ነገር አየሁ ይላል። ይህን ወደ ፊደል ስናመጣው፣ ቸኩሎ ያየ ሕፃን የ"በ"ን ገላና ከጎረቤቷ ያለውን ቀለበት ይዞ ይመለሳል ማለት ነው። "ቢ"ን "ቤ" ያለ ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። እኛ እንደምናምነው ግን ልጁ ቁርጥራጮቹን በሙሉ አይቷል፤ የጎደለው ማጣበቂያው ነው።

በልምምድ በሄድንበት በአንድ የላፍቶ አካባቢ ትምህርት ቤት ከ60 የሚበልጡ ሕፃናት በአንድ ክፍል ታጭቀው ነበር። ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ ነው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ" እያለ ሲያዜም ጣሪያው ይነሣል ያሰኛል፤ ከበር ላይ ቆሞ የሚሰማ ሰው "እንዴ፣ እነዚህማ ፊደል ጨርሰዋል!" ይላል። ነገር ግን ወደ ኋላ ሄዶ ዐይናቸውን ለተመለከተ ግማሹ መስኮት ላይ ነው፤ ገሚሱ ጓደኛው ከረጢት ላይ ነው፤ ሰንጠረዡን የሚያዩትም በአብዛኛው የሚያዩት ጠርዙ ላይ የተለጠፈችውን ዶሮ ነው። ዜማው ግን አይሳሳትም፤ ዜማ ለመጠበቅ ፊደል ማየት አያስፈልግምና። "ቤ" ብቻዋን ሰሌዳ ላይ ተጽፋ አንዱ ሲጠየቅ ጣቱን እያጠፈ "በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ… ቤ!" ብሎ ደረሰባት። ምስኪን ልጅ! ቆጥሮ አገኛት እንጂ አይቶ አላወቃትም። አምስተኛ መሆኗንም የነገረው አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ነበር። "ቤት" የሚለው ቃል ሲመጣማ የሚቆጠርበት መነሻ ስለሌለ ዝም አለ።

ይህ የጥቂት ልጆች ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የአዲስ አበባ ልጆች ከብዙዎቹ ክልሎች ተሽለው ተገኝተዋል፤ ያም ሆኖ ከችግሩ ነጻ አልነበሩም። ምክንያቱ ብዙ እንደሆነ እናውቃለን፤ መጽሐፍ ይጎድላል፣ ክፍሉ ይጠባል፣ ልጁ ቁርስ ሳይበላ ይመጣል። እነዚህን ሠልጣኝ መምህር ብቻውን አያስተካክላቸውም። የልጁ ዐይን የት እንዳለ ማወቅ ግን የእርሱ ሥራ ነው።

የሚገርመው፣ ይህን መላ የአገራችን የቄስ ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የኔታ ሕፃኑን በቃል ብቻ አያዜሙትም። ልጁ በእጁ ስንደዶ ወይም ስንጥር ይዞ የሚጠራትን ፊደል ሁሉ እየነካ ያልፋል፤ ስንጥሩ ካለበት ዐይኑ አለ፣ ስንጥሩና ድምፁ ከተለያዩ የኔታ ወዲያው ያውቃሉ። "ቁጥር" በሚባለው የንባብ ደረጃም ልጁ እያንዳንዷን ፊደል ለየብቻ እየነካ ይጠራል እንጂ ቃሉን በደፈናው አይወረውረውም። ከሁሉ የሚደንቀን ግን አቡጊዳ ነው። ልጁ "ሀ ሁ"ን ከጨረሰ በኋላ "አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ" የሚል ሌላ ሰልፍ ይሰጠዋል። እዚህ የፊደሉ ዘርም ይለዋወጣል፣ ቤቱም ይለዋወጣል፤ በዜማ ተንሸራትቶ ማለፍ የለም፣ እያንዳንዷን ማየት ግድ ይሆናል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ እያሳተሙ ለአገር ባዳረሱት የፊደል ገበታ ላይም ሀ ሁ እና አቡጊዳ አብረው ይገኛሉ። ያ ገበታ ቢራቢሮ የለበትም። ስንት ሰው ግን ማንበብ ተማረበት!

"የድሮውን ሽምደዳ ልትመልሱብን ነው ወይ?" የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ እንገምታለን። አይደለም። የየኔታ አለንጋ ይቅርብን፤ ትርጉሙን ሳያውቁ ገጽ ሙሉ መድገምም ይቅር። ግን አለንጋው መጥፎ ስለነበረ ስንጥሩን አብሮ መጣል ምን የሚሉት ጥበብ ነው?

ስለ ጌጡ ደግሞ ቀጥተኛ ማስረጃ አለ። አና ፊሸርና ሁለት ባልደረቦቿ በአሜሪካ በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች አንዳንዱን ትምህርት ግድግዳው በሥዕል በተሞላ ክፍል፣ አንዳንዱን ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል ተማሩ። ባጌጠው ክፍል ከትምህርቱ ውጭ ያጠፉት ጊዜ ከመቶ 38.6 ነበር፤ በባዶው 28.4። በፈተናም ባጌጠው ክፍል የተማሩትን ከመቶ 42፣ በባዶው የተማሩትን 55 መለሱ። ልብ በሉ፤ ያ ጥናት የተደረገው በጠቅላላው በ24 ልጆች ላይ ነው፣ የእኛ አንድ ክፍል ብቻውን 60 ነው። አንድ ጥናት ሁሉን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ቢያንስ ጌጥ በነጻ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ፣ ዋጋውንም ሕፃኑ እንደሚከፍል ያሳያል። ሌላም አለ፤ ብቻዋን ስትቆም በቀላሉ የምትለይ ፊደል ግራና ቀኟ በሌላ ነገር ሲጣበብ ለመለየት እንደምታስቸግር የታወቀ ነው፤ በልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። ካርቶኑ ላይ ባዶ ቦታ መተው እንግዲህ ስንፍና አይደለም።

ቀለም ፈጽሞ አይግባ አንልም። ቀለም እኮ ዐይንን የሚጎትት ገመድ ነው፤ ጥያቄው ወዴት ይጎትታል የሚለው ነው። ፊደሉ በሙሉ በጥቁር ተጽፎ የ"ቤ" ቀለበት ብቻ ቀይ ብትሆን የልጁ ዐይን ልዩነቱ ካለበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ቀዩን ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ልጁ ቀለሙን እንጂ ቀለበቷን አይማርም። ይህን የሚያህል ሥራ ለመሥራት አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ ማርከር ይበቃል። የኪሳችንም ጉዳይ እንዳለበት አንደብቅም።

ከማሳየት በፊት መጠየቅም እንዲሁ ነው። ያርቡስን እናስታውስ። "ይህን ሥዕል ተመልከቱ" ብሎ መስቀል አንድ ነገር ነው፤ "በዚህ ሰሌዳ ላይ እግሯ የተጠመዘዘችውን ማን ያገኛታል?" ብሎ መስቀል ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው 60 ጥንድ ዐይን አንድ ነገር ይፈልጋል። አንዷን ልጅ ወደ ሰሌዳው ጠርቶ ጣቷን ፊደሉ ላይ እንድታሳርፍ ማድረግ፣ ሰንጠረዡን ከኋላ ወደ ፊት ወይም ከላይ ወደ ታች ማስጠራት፣ በየወንበሩ ስንጥር ማደል ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ድምፁ ግን ይቀንሳል፤ ክፍሉም ከበር ላይ ሲሰማ እንደ በፊቱ የደመቀ አይመስልም።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የልምምድ መገምገሚያ ቅጹ "የትምህርት መርጃው ማራኪ ነው?" እና "ተማሪዎች በንቃት ይሳተፋሉ?" ብሎ ይጠይቃል። ተቆጣጣሪ መምህር ቅጹን ይዞ ከኋላ ሲቀመጥ ያርቡስ ፊት እንደተቀመጠው ሰው ነው፤ ዐይኑ ወደተጠየቀው ይሄዳል። "ማራኪ ነው?" ሲባል ዐይኑ ካርቶኑ ላይ ያርፋል። "ይሳተፋሉ?" ሲባል ጆሮው ጩኸቱን ይሰማል። የልጆቹ ዐይን የት እንዳለ የሚጠይቅ አንድ መስመር ስለሌለ እርሱን የሚያይ የለም። ይህን ስንል መምህራኖቻችንን መንቀፋችን አይደለም፤ ጎበዝ ሐኪሞችም ጎሪላውን ያላዩት እባጭ ፈልጉ ስለተባሉ ነው። ሠልጣኙም ነጥብ ወዳለበት ይሄዳል፤ አበባ ነጥብ ካስገኘ አበባ ይስላል። ባዶ ቦታ ያለው፣ አንዲት ቀይ ቀለበት ብቻ የታየችበት ሰንጠረዥ ይዞ የሚገባ ሠልጣኝ በአሁኑ ቅጽ "ዝግጅት ይጎድለዋል" ሊባል ይችላል። ማነው ታዲያ በነጥቡ ላይ የሚደፍር?

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። "ማራኪ ነው?" የሚለው መስመር "ልጁ ሊያየው የሚገባው ነገር ከሌላው ተለይቶ ይታያል?" በሚለው ይተካ። አንድ መስመርም ይጨመር፤ ተቆጣጣሪው ከክፍለ ጊዜው ላይ አምስት ደቂቃ ወስዶ ሠልጣኙን ትቶ ከኋላ ወንበር ያሉ አምስት ሕፃናትን ዐይን ይከታተል፣ ያየውንም ይጻፍ። በትምህርቱ መጨረሻ ደግሞ ሦስት ልጆች ፊደሎችን ያለ ተራቸው ይጠየቁ። ክፍለ ጊዜው አይበቃም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ሦስት ልጅ መጠየቅ ግን አንድ ጊዜ "በ ቡ ቢ" ከማዜም የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

ለመጪው ዙር ልምምድ ቅጹ ገና አልተባዛም ተብለናል። የሥነ ትምህርትና የቋንቋ ክፍል መምህራን በዚህ ላይ ያላቸውን ሐሳብ ቢጽፉልን በደስታ እንቀበላለን፤ አበባ ወዳድ ሠልጣኞችም እንዲሁ። ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ያለውን ቦታ ምንም ሳንስልበት ባዶ ትተነዋል።